ራስ ክምር በካምፓላ ኮረብቶች

ካምፓላ ላይ ድርቅ የሚቋቋም አበባ ይተከል ሲባል ብዙ ሰው ግር ይለዋል። ከተማዋ በዓመት ከ1,200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ያውም በሁለት ወቅት ተከፍሎ። አንደኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይዘልቃል። ቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገቧ ነው፤ የማቶኬ ሙዝ በየጓሮው ይበቅላል። ከአዲስ አበባ መጥቶ ካባላጋላ ወይም ካንሳንጋ የሰፈረ ኢትዮጵያዊ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ እያየ፣ እዚህ አገር ውኃ የሚጠማው ተክል አይኖርም ቢል አይፈረድበትም።

ችግሩ ያለው ዝናቡ በሚያርፍበት መሬት ላይ ነው። ካምፓላ የኮረብታ ከተማ ናት። ቤት ለመሥራት ተዳፋቱ ሲቆረጥ ለም የሆነው የላይኛው አፈር ተዝቆ ይሄዳል። የሚቀረው ኡጋንዳውያን ሙራም የሚሉት ቀይ፣ ጠጠራማ አፈር ነው፤ መንገድ ለማልበስ እንጂ አበባ ለማብቀል ብዙ አይመችም። የተረፈውን ግቢ ደግሞ የሲሚንቶ ንጣፍ ይሸፍነዋል። ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዶፍ በንጣፉና በተዳፋቱ ላይ ተንሸራቶ ይሄዳል፤ የመሀል ከተማው ውኃ ወደ ናኪቩቦ ቦይ፣ ከዚያም ወደ ሐይቁ ይገባል። ወደ ሥር የሚሰርገው ጥቂት ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሰማዩ ሲጨክን የግቢው ሣር ቢጫ ይሆናል። ሰኔና ሐምሌም ደረቅ ናቸው፤ አዲስ አበባ በክረምት ስትበሰብስ ካምፓላ አቧራ ታነሣለች። ሙዬንጋ ላይ ያለው ኮረብታ ታንክ ሂል የተባለው የከተማዋ የውኃ ማጠራቀሚያ ስለተሠራበት ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሰፈርም ቢሆን በቧንቧ ውኃ አበባ ማጠጣት ወጪ ነው፣ ቧንቧው የማይደርስበት ሰው ደግሞ ጀሪካን ተሸክሞ ይወጣል።

እንግዲህ በካምፓላ ድርቅ መቋቋም ማለት ሰባትና ስምንት ወር ያለ ዝናብ መኖር ማለት አይደለም። በቀጭን አፈር ላይ፣ በተዳፋት ላይ፣ ሁለት ሦስት ደረቅ ወሮችን ያለ ጀሪካን መሻገር ማለት ነው። ለዚህ የሚሆነውን ተክል ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ኢትዮጵያ ውስጥ በወይና ደጋና በደጋ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በየመንገዱ ዳር፣ በየአጥሩ ጥግ፣ በየገደሉ አፋፍ ቆሞ ያየዋል። ራስ ክምር ነው። የፈረስ ዘንግ የሚሉትም አሉ።

ላላየው አንባቢ ላስረዳ። ግንዱ ቀጥ ያለና አራት ማዕዘን ነው። ይህ የጦስኝ፣ የበሶብላና የዳማ ከሴ ቤተሰብ ምልክት ነው፤ ራስ ክምርም ከእነርሱ ወገን ነው፣ ቅጠሉ ታሽቶ ሲሸተት ዝምድናው ይታወቃል። በግንዱ ላይ ከታች ወደ ላይ፣ እየተራራቁ፣ ክብ ክብ የሆኑ እሾሃማ እቅፎች ይደረደራሉ። ከእያንዳንዱ እቅፍ ዙሪያውን ብርቱካናማ፣ ጠጉር የለበሱ፣ ወደ ውጭ የጎበጡ ቱቦ አበቦች ይወጣሉ። ሁሉም በአንድ ቀን አይፈኩም። የታችኛው እቅፍ ቀድሞ ይጀምራል፤ በአንዱ እቅፍ ውስጥም ጥቂት ጥቂቱ በየተራ ይከፈታል። በዚህ ምክንያት አንድ ዘንግ ለብዙ ሳምንት አበባ አያጣም። ከገጠር የመጣ ሰው ልጅ ሳለ አበባውን ከእቅፉ መንጭቶ የጭራውን ጫፍ መምጠጡን አይረሳም፤ እዚያ ጫፍ ላይ ጣፋጭ ጠብታ አለች። የዚህ ምዕራፍ ነገር ሁሉ በዚያች ጠብታ ዙሪያ ይዞራል።

የዚህ ተክል ወገኖች በጠቅላላው 10 አይሞሉም፤ መነሻቸውም አፍሪካ ናት። ማትስ ኢዋርሶን የተባለ የስዊድን የዕፅዋት ተመራማሪ ከኢቬት ሃርቪ ጋር ሆኖ በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእንግሊዙ የኪው ዕፅዋት ተቋም መጽሔት ላይ ወገኑን በሙሉ የሚያጠና ሰፊ ሥራ አሳትሟል። የእኛ ራስ ክምር ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳል፤ ኡጋንዳም በዚህ መስመር ውስጥ ናት። ሳይንሳዊ ስሙ ሊዮኖቲስ ኦሲሚፎሊያ ነው። ካምፓላ ዙሪያ በየመንገዱ ዳርና በተተወ ማሳ ላይ በብዛት የሚታየው ግን ወንድሙ ሊዮኖቲስ ኔፔቲፎሊያ ነው። የአካባቢው ተወላጆች ባጋንዳ ኪፉሙፉሙ ይሉታል።

ሁለቱን መለየት ለሚተክል ሰው ዋና ነገር ነው። ኪፉሙፉሙ በአብዛኛው ዓመታዊ ነው። ከዘር ተነሥቶ በአንድ ወፍራም ግንድ ከሰው ቁመት በላይ ይመዘዛል፣ ያብባል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይደርቃል። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ረጅም አገዳ ይዞ ይንጠለጠላል። ራስ ክምር ግን ቋሚ ነው። ከሥሩ አጠገብ እንጨት ይሆናል፣ ከአንድ ጉቶ ብዙ ዘንግ ያወጣል፣ ቅጠሉ አነስ ይላል። ቢቆረጥ፣ ፍየል ቢግጠው፣ እሳት ቢያልፍበት እንኳ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። አደይ አበባን የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል፤ አደይ በየዓመቱ ከዘር መነሣት አለባት፣ ራስ ክምር ግን ያው ጉቶ ነው ዓመት ከዓመት የሚያብበው። እኔ ለካምፓላ ግቢ ቋሚውን እመርጣለሁ። ኪፉሙፉሙን የምመክረው ወዲያው አበባ ማየት ለሚፈልግና በየወቅቱ የሚረግፈውን ዘር ለመቆጣጠር ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ከልብ የማሳስበው ነገር አለ። ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ በርበሬና ሽሮ ሲይዝ ከጎኑ የራስ ክምር ዘር በወረቀት ጠቅልሎ እንዲያመጣ ማዘዝ ያጓጓል። አይደረግ። አንደኛ፣ ዘርና ችግኝ ያለ ጤና ምስክር ወረቀት ድንበር ማሻገር አይፈቀድም፤ የተክል በሽታና ነፍሳት የሚዛመቱት እንዲህ ነው። ሁለተኛ፣ ኪፉሙፉሙ ራሱ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ዓለም አይቷል። ከአፍሪካ ወጥቶ ካሪቢያን ደሴቶች፣ ብራዚል፣ ፍሎሪዳና ሰሜን አውስትራሊያ ገብቷል፤ እዚያም የመንገድ ዳርና የግጦሽ መሬት አረም ሆኗል። በትውልድ አገሩ የሚገታው ነገር አለ፤ የሚበላው ነፍሳት አለ፣ የሚፎካከረው ሣር አለ። ሌላ ቦታ ያ ሁሉ የለም። አገር በቀል የሚለው ቃል ለእኔ ክብር የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ አንድ ተክል ካደገበት አፈር፣ ከሚበላው ትልና ከምትጎበኘው ወፍ ጋር ያለው ውል ነው። የኢትዮጵያ ራስ ክምር ለኢትዮጵያ ደጋ የተስማማ ነው፤ ለካምፓላ የሚሆነው ዘር ኡጋንዳ ውስጥ ካደገ ተክል የተለቀመው ነው። ወደ ደጋማው የአገሪቱ ክፍል የሚጓዝ ሰው የደረቀ ዘንግ ካገኘ ባለ መሬቱን አስፈቅዶ ጥቂት እቅፍ መያዝ ይችላል። ፎርት ፖርታል ያለው የቶሮ ዕፅዋት ማእከልም አገር በቀል ዕፅዋትን የሚንከባከብ ስለሆነ መጠየቅ ያዋጣል።

በካምፓላ መንገድ ዳር ያሉ ችግኝ ሻጮች ዘንድ ራስ ክምር አይጠበቅ። የሚደረደሩት ቡጌንቪሊያ፣ የቻይና ሂቢስከስ፣ ዱራንታና ከእነርሱ መሰሎች ናቸው፤ የሚበዙት ከአሜሪካ ወይም ከእስያ የመጡ። ይህ ረጅም ታሪክ አለው። ኢንቴቤ ላይ ያለው የዕፅዋት መናፈሻ በ1898 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲመሠረት ዓላማው ለቅኝ ግዛቱ ገቢ የሚሆኑ የውጭ ተክሎችን መሞከር ነበር፤ ጎማ፣ ካካዎና ቡና ይፈተኑበት ነበር። የአትክልት ባህል ከዚያ ጀምሮ ዓይኑን ወደ ውጭ አዞረ። በመንገድ ዳር የሚበቅለው አበባ አረም ተባለ፣ በመርከብ የመጣው ጌጥ ሆነ። አዲስ አበባም ከዚህ አላመለጠችም፤ የወፍ ቆሎ አጥር የሆነባቸው ሰፈሮች ስንት ናቸው! የወፍ ቆሎ ከሞቃታማው አሜሪካ የመጣ ነው፤ ዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የግጦሽ መሬት እየዋጠ ነው።

አሁን ወደ ጠብታዋ።

የራስ ክምር ቱቦ ርዝመቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ኔክታር የሚባለው ጣፋጭ ፈሳሽ ያለው በቱቦው መጨረሻ፣ እቅፉ ውስጥ ነው። የማር ንብ ምላስ ከ7 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። እንግዲያው ንብ በፊት በር ገብታ ወደ ማሩ መድረስ አትችልም። ቀለሙም ለእርሷ አልተቀባም፤ ንቦች ወደ ቀይ የሚያደላን ቀለም በደንብ አይለዩም፣ ወፎች ግን ይለያሉ። ተክሉ የጠራው ወፍ ነው። የአበባ ወፎች የሚባሉት ትንንሾቹ፣ ወንዶቹ የሚያብለጨልጩ፣ መንቁራቸው ቀጭንና ቆልመም ያለ ወፎች ናቸው። ካምፓላ ውስጥ ከሚታዩት አንዱ ገላው ጥቁር ሆኖ ደረቱ የቀላው ነው። በሐይቁ ዙሪያ ደግሞ ደረቱ ላይ ቀይ መስመር ያለው፣ ጀርባው አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ ሌላ ዘር አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ በደጋው አትክልት የሚዘዋወረው አንዱ በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመው ነው።

የአሜሪካኖቹ ሃሚንግበርድ አየር ላይ ቆመው ይጠጣሉ፤ የእኛዎቹ የአበባ ወፎች በአብዛኛው መቀመጥ ይፈልጋሉ። የራስ ክምር ዘንግ ጠንካራ የሆነው፣ እቅፎቹም እየተራራቁ የተሰኩት ለዚህ ነው፤ ወፏ በእቅፎቹ መሀል ግንዱን ጨብጣ ትቀመጣለች። ከዚያ ዙሪያዋን አንድ በአንድ መንቁሯን ታስገባለች። የአበባው የላይኛው ከንፈር ረጅምና ጎባጣ ነው፤ የወንዴ ዘንጎቹን ከሥሩ ሸሽጎ ይይዛል። ወፏ ስትገፋ ብናኙ ግንባሯ ላይ ይራገፋል። ወደ ሌላ ተክል ስትሄድ ያው ግንባር የሴቴውን ጫፍ ይነካል። ርክበ ብናኝ የሚሉት ይህ ነው፤ በራስ ክምር ላይ ደግሞ በዓይን የሚታይ ነው፤ ከጠጣች በኋላ ግንባሯ ቢጫ ዱቄት ለብሶ ይታያል።

በዚህ ወገን ተክል ላይ በአፍሪካ ከተሠሩት ጥናቶች እጅግ የተጠቀሰው ካምፓላ ካለችበት ሐይቅ ማዶ፣ በኬንያ ስምጥ ሸለቆ የተደረገው ነው። ፍራንክ ጊልና ላሪ ዎልፍ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች በኪፉሙፉሙ ማሳ ላይ ክንፋቸው ወርቃማ የሆኑ የአበባ ወፎችን ተከታተሉ፤ ውጤቱንም በ1975 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳተሙ። ያዩት ነገር እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ወፍ የአበባ ርስት ይይዛል፣ ሌላውን ያባርራል። የርስቶቹ ስፋት ፈጽሞ የተለያየ ነበር፤ ትልቁ ከትንሹ 300 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የአበባው ቁጥር ሲቆጠር ግን ርስቶቹ ይቀራረባሉ፤ አማካዩ 1,600 አበባ አካባቢ ሆነ። ወፉ የሚለካው መሬቱን አይደለም፣ የአንድ ቀን ምግቡን ነው።

ለምን ይዋጋል? ሒሳቡን ሠርተውታል። አንድ ወፍ ዕለት የሚያስፈልገውን ለማግኘት፣ በእያንዳንዱ አበባ ውስጥ 2 ማይክሮሊትር ኔክታር ካለ፣ 4 ሰዓት መመገብ አለበት። ማይክሮሊትር የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሺኛ ነው። አበባው 3 ማይክሮሊትር ከያዘ 2.7 ሰዓት ይበቃዋል። ሌሎች ሲባረሩ ጠብታው ስለሚጠራቀም ከ2 ወደ 3 ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ባለ ርስቱ በቀን 1.3 ሰዓት ያተርፋል። መመገብ በሰዓት 1 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይፈጃል፣ መቀመጥ 0.4 ብቻ። የተረፈውን ሰዓት ቢቀመጥበት 0.78 ኪሎ ካሎሪ ይቆጥባል። ማባረሩ ከባድ ነው፤ በሰዓት 3 ኪሎ ካሎሪ ይበላል። ግን ወፉ በቀን ለዚህ የሚያውለው 0.28 ሰዓት፣ ማለትም 17 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ ከመቀመጥ በላይ የሚያስወጣው 0.73 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ትርፉ ቀጭን ናት፤ ግን ትርፍ ናት። በገበያ ላይ ሳንቲም ቆጥሮ የሚያድር ነጋዴ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም።

ይህን ጥናት የማነሣው አበባ አልሚውን ሁሉ ስለሚጠቅመው ነው። አንድ ተክል በማሰሮ ተክሎ ወፍ መጠበቅ ከንቱ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ዘንግ ላይ በአንድ ጊዜ የሚፈኩት አበቦች ጥቂት ናቸው፤ ወፏ ጎራ ብላ ጠጥታ ታልፋለች፣ ነገ ሌላ ቦታ ትሄዳለች። ተክሉን በአንድ ቦታ ሰብሰብ አድርጎ፣ 10 ወይም 15 ጉቶ አጠጋግቶ መትከል ግን ወፏ ቀኗን የምትመድብበት ርስት ይሆናል። ግቢው ጠባብ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተመካክሮ በአጥሩ በሁለቱም በኩል መትከል ይቻላል፤ የወፍ ርስት የሰው አጥር አያውቅም። ከሁሉም ይልቅ እንዲህ ያለው ሽርክና ያስደስተኛል፣ ምክንያቱም ካምፓላ ውስጥ ጎረቤታሞችን የሚያስተዋውቅ ነገር እየቀነሰ ነው።

ንቦቹስ? ጨርሶ አይቀሩም። የማር ንብ ከአበባው አፍ ላይ ብናኝ ትለቅማለች። ትልልቆቹ ጥቁር እንጨት በሺ ንቦች ረዣዥም ቱቦዎችን ከሥራቸው ሰንጥቀው ጠብታዋን የመምጠጥ ልማድ አላቸው፤ ከተሰነጠቀ በኋላ ትንንሾቹም በዚያው ቀዳዳ ይገባሉ። ይህ ከአበባው አንጻር ስርቆት ነው፣ ብናኝ አይሸከሙምና። ቢሆንም ንቦቹን ማባረር አይገባም። ራስ ክምር የወፍ አበባ ነው፤ ለንብ ሌላ ነገር ከጎኑ ይተከል። ለዚህ የሚሆነውንም ኢትዮጵያዊ አንባቢ ያውቀዋል። ግራዋ ካምፓላ ውስጥ ሙሉሉዛ ተብሎ ይታወቃል፤ ነጩ አበባው ሲፈነዳ የንብ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ኮርች የምንለው ባለ ቀይ አበባ ዛፍ ዘመድም በቡጋንዳ ጂሪኪቲ ተብሎ ይከበራል፤ እርሱ ቅጠሉን ጥሎ በደረቁ ወቅት ስለሚያብብ፣ ራስ ክምር በሚያርፍበት ጊዜ ለአበባ ወፎች ይደርስላቸዋል።

ኡጋንዳ ውስጥ ንብ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ከካምፓላ ዙሪያ እስከ ማሳካና ሉዌሮ ድረስ የሚበቅለው ሮቡስታ ቡና በራሱ ብናኝ ፍሬ መያዝ አይችልም፤ ከሌላ ተክል ብናኝ ሊደርሰው ግድ ነው፣ ይህንንም የሚያደርሱለት ነፋስና ነፍሳት ናቸው። ቴዎዶር ሙኒዩሊ የተባለው ተመራማሪ በማዕከላዊ ኡጋንዳ የሙዝና የቡና ማሳዎች ላይ ባደረገው ሰፊ ጥናት ከ600 በላይ የንብ ዘር መዝግቧል። የእኛ አረቢካ በራሱ ብናኝ ፍሬ ይይዛል፤ ሆኖም ዴቪድ ሩቢክ በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከፓናማ ባወጣው ጥናት ንብ የጎበኘው አረቢካ ምርቱ በግማሽ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። ንብ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቀፎ ነው። አብዛኞቹ የንብ ዘሮች ግን ቀፎ የላቸውም፤ ሴቷ ብቻዋን ትኖራለች፣ በአብዛኛው መሬት ቆፍራ እንቁላሏን ትጥላለች። የኢትዮጵያን ጣዝማ የሚያውቅ ሰው ይህ አይደንቀውም፤ ጣዝማም መሬት ውስጥ ነው የምትሠራው፣ መናደፊያም የላትም። ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር በሲሚንቶ ያነጠፈ ሰው ለእነዚህ ንቦች በሩን ዘግቷል። በራስ ክምሩ ሥር ባዶ፣ ያልተደፈነ፣ ፀሐይ የሚያገኝ አፈር ይተው። የሞተ ግንድ ካለም ጥግ ላይ ይቆይ፤ እንጨት በሺዎቹ ይገቡበታል።

አተካከሉ ቀላል ነው፤ ግን ጥቂት ሕግ አለው።

ዘሩ የሚለቀመው እቅፉ ሲደርቅና ቡናማ ሲሆን ነው። እያንዳንዱ አበባ ከወደቀ በኋላ በእሾሃማው ጽዋ ሥር አራት ጥቃቅን ፍሬ ይቀራሉ። ዘንጉን ቆርጦ ጫፉን ወደ ታች በወረቀት ከረጢት ውስጥ መምታት ይበቃል፤ ጓንት ግን አይረሳ፣ እሾሁ ቀጭንና ክፉ ነው፣ ሕፃናት በሚሮጡበት መንገድ ዳርም አይተከል። ዘሩ ሳይቆይ፣ ዝናብ ሊጀምር ሲል፣ የካቲት መጨረሻ ወይም ነሐሴ መጨረሻ በችግኝ ፕላስቲክ ይዘራ። ከአፈሩ ጋር አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ቀላቅሎ ላይ ላዩን በትኖ በስሱ ማልበስ ነው፤ ጠልቆ የተቀበረ ብዙም አይወጣም። ብርሃን ይፈልጋል፤ ጥላ ሥር የበቀለ ችግኝ ይረዝምና ይወድቃል። ከግንድ ቁራጭም ይነሣል፤ ያላበበ፣ ገና እንጨት ያልሆነ ጫፍ ተቆርጦ፣ የታች ቅጠሉ ተነቅሎ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ይሰካ።

ችግኙ ጥንድ ጥንድ ቅጠል አብዝቶ ሥሩ ፕላስቲኩን ሲሞላ በዝናቡ መሀል ወደ መሬት ይዛወር። በአንዱና በአንዱ መካከል ከ80 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይተው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ይመረጥ። የካምፓላ አደጋ ከድርቅ ይልቅ በሚያዝያ የሚተኛ ውኃ ነው፤ ሥሩ በጭቃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል። ተዳፋት ላይ ያለው ጥሩ ነው። ሜዳ ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርጎ መደብ መሥራት ያስፈልጋል። ሙራሙን ፈርቶ በፍግ መሙላት አያስፈልግም። ጉድጓዱ ላይ አንድ ሁለት እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሆነ ምግብ ቅጠሉን ያሰባዋል፣ ዘንጉን ያረዝመዋል፣ አበባውን ያሳንሰዋል። ስብ መሬት ላይ ያደገ ራስ ክምር በመጀመሪያው ነፋስ ሲተኛ ይታያል።

ውኃው እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝናብ ከዘገየ በሳምንት ሁለት ጊዜ በደንብ ማጠጣት፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ሥሩን ላይ ላዩን እንዲቀር ያደርገዋል። የመጀመሪያው ደረቅ ወቅት ሲመጣ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ። ሁለተኛው ደረቅ ወቅት ላይ ግን ማቆም ነው፤ ጀሪካኑ ይቀመጥ። ይህ ለብዙ ሰው ይከብዳል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ እያዩ ዝም ማለት ጭካኔ ይመስላል። ተክሉ ግን የራሱ ዘዴ አለው። ቅጠሉን የሸፈነው ጠጉር ትነትን ይቀንሳል። የታች ቅጠሎቹን ጥሎ ፍጆታውን ያሳንሳል። ሥሩ ወደ ታች የሚወርደው ላይ ውኃ ሲያጣ ነው፤ በየቀኑ የሚጠጣ ተክል ወደ ታች የሚወርድበት ምክንያት የለውም። መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ የደረቀ ከመሰለው ጉቶ አረንጓዴ ይወጣል።

ራስ ክምር ኢትዮጵያ ውስጥ በዋናነት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ ያብባል። ካምፓላ ሁለት የዝናብ ወቅት ስላላት ተክሉ ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ ዘንግ የማውጣት ዕድል አለው። ይህን ዕድል የሚሰጠው ግን መግረዝ ነው። አበባው አልቆ እቅፎቹ ሲደርቁ ለዘር የሚፈለጉት ዘንጎች ይተዉ፤ ሌሎቹ በሹል መቀስ ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ተትቶ ይቆረጡ። ሁሉንም በአንድ ቀን አለመቁረጥ ይሻላል። ግማሹን ጉቶ ዛሬ፣ ግማሹን ከአራት ሳምንት በኋላ ከቆረጡ አበባው ተራ ይይዛል፣ ወፏም ባዶ ግቢ አትመጣም። ፀረ ተባይ አይረጭ። ቅጠሉ ላይ ቀዳዳ ቢታይ አንዱ ትል በልቶ ነው፤ የአበባ ወፍ ጫጩቷን የምታሳድገው በነፍሳትና በሸረሪት ነው፣ በኔክታር ብቻ አይደለም። ትሉን የገደለ ወፏን አስርቧል።

ከአራት አምስት ዓመት በኋላ የመሀሉ ጉቶ ይገረጅፋል፣ ዘንጉ ይቀጥናል። ያን ጊዜ ከዳር ካቆጠቆጡት ቁራጭ ወስዶ አዲስ ችግኝ ማዘጋጀትና አሮጌውን በዝናቡ መጀመሪያ ላይ መንቀል ነው። በዙሪያው ከረገፈው ዘር የበቀሉት ችግኞች ካሉም ጠንካራዎቹ ሦስት አራቱ ይተዉ፤ የቀሩት ገና በለጋነታቸው በመኮትኮቻ ይነሡና በችግኝ ፕላስቲክ ተደርገው ለአጥር ማዶው ጎረቤት ይሰጡ።